ማንም ሳይጠይቅ የተቀየረው መስኮት

ሰቆጣ ላይ ኢንተርኔት ከረጅም መቋረጥ በኋላ ደህና አድርጎ መሥራት የጀመረ ሰሞን፣ ከተማው ሁሉ ስልኩ ላይ ተደፍቶ ነበር። አንዱ ጅዳ ካለች እኅቱ ጋር ፊት ለፊት እየተያየ ያወራል፤ ሌላው ከስንት ጊዜ በፊት የተላከለትን የሠርግ ፎቶ ገና ዛሬ ያያል። እኔ ደግሞ ከመናኸሪያው ከፍ ብላ ባለችው የጽሕፈትና የፎቶ ኮፒ ቤቴ ተቀምጬ ኮምፒውተሮቼን አፕዴት አደረግሁ። ስክሪኑ ጥግ ላይ «አዲስ እትም አለ» የሚል መልእክት ብቅ አለ፤ «ይጫን» የሚለውን ነካሁ። በማግስቱ ጠዋት በገዛ ሱቄ እንግዳ ሆንኩ።

ንዴቴ የሚገባችሁ ግን ከዚያ በፊት የነበረውን ስታውቁ ነው።

ጦርነቱ አልፎ ወደ ቤቴ ስመለስ ሱቁ ባዶ ነበር። ኮምፒውተሩም ፕሪንተሩም ጠረጴዛውም የለም፤ የቀረው ግድግዳው ላይ የለጠፍኩት የጉርድ ፎቶ ናሙና ብቻ ነው። ወልድያ ያለ የአክስቴ ልጅ ከየጓሮው የተጣሉ አሮጌ ኮምፒውተሮችን ለቃቅሞ፣ የአንዱን ዕቃ ለሌላው እየገጠመ ላከልኝ። «እነዚህ አሁን ሰው ሁሉ የሚጠቀምበትን ከባድ ሲስተም አይሸከሙም» አለኝ በስልክ። «ሊኑክስ ጭኜባቸዋለሁ፤ እሱን ተማሪ።» ሊኑክስ በየአገሩ ያሉ ባለሙያዎች ተባብረው የሚሠሩት፣ ማንም ሰው በነፃ ወስዶ ኮምፒውተሩን የሚያንቀሳቅስበት ሶፍትዌር ነው። እኔ ግን ያኔ ስሙን እንኳ ሰምቼ አላውቅም ነበር።

የሚያስተምረኝ ሰው አልነበረም። ኢንተርኔትም አልነበረም። መብራት ሲመጣ እየነካካሁ፣ ያበላሸሁትን መልሼ እያቃናሁ ተማርኩት። ከሁሉ ይበልጥ የወደድኩለት መልኩን እንደፈለግሁ ላደርገው መቻሌን ነው። ጽሑፍ የምንጽፍበትን፣ ፎቶ የምናስተካክልበትን፣ ፋይል የምንፈልግበትን፣ ሁሉንም ፕሮግራም አንድ መልክ ሰጠሁት። የገጹ መደብ ጠቆር ያለ፣ ፊደሉ ሰፋ ያለ ሆነ። ፕሮግራም ሲከፈት ስክሪኑ ላይ የሚዘረጋውን ገጽ እኛ ሱቅ መስኮት ነው የምንለው፤ የመስኮቱ ሁሉ መዝጊያ በቀኝ ራስ፣ ትእዛዞቹ ሁሉ ከላይ ተደርድረው በአማርኛ ተጽፈው ነበር። አንዱን የለመደ ሰው ሌላውን ሲከፍት አይደናገርም። ቤቱን የሚያውቅ ሰው መብራት ቢጠፋበት እንኳ እንስራው የት እንዳለ ዳብሶ ያገኘዋል፤ እኔም የፈለግሁት እንዲያ ያለ ኮምፒውተር ነበር፣ አገኘሁትም።

አብራኝ የምትሠራው ሴት ከዓረብ አገር የተመለሰች ናት። ስትመጣ ማውዝ ይዛ አታውቅም። እንግሊዝኛ አታነብም፤ ዓረብኛ ትሰማለች፣ አማርኛ ታነባለች፣ ከእናቷ ጋር በአገሩ ቋንቋ በኽምጣኛ ታወራለች። «ቃሉን አትይዥው፣ ቦታውን ያዥ» ብዬ ነው ያስተማርኳት። ክረምቱ ሳይወጣ ከእኔ ፈጥና ትጽፍ ጀመር። የሰው ጉርድ ፎቶ ስታስተካክል እሷ ከደንበኛው ጋር እያወራች እጇ ብቻውን ይሠራ ነበር።

ሌላው ዘወትር ከሱቃችን የማይጠፉት ሰው ጡረታ የወጡ አስተማሪ ናቸው። እኔንም ፊደል ያስቆጠሩኝ እሳቸው ናቸው። ከተማው ውስጥ በስማቸው የሚጠራቸው የለም፤ ትልቁም ትንሹም «መምህር» ነው የሚላቸው። አንድ ዓይናቸውን ሞራ ተገፎላቸዋል፤ ሌላው እምብዛም አያይም። ሥራ ስለፈቱ ግን አልተቀመጡም። ሰው እየረሳቸው ያሉትን የኽምጣኛ ቃላት ከነአማርኛ ፍቺያቸው ይሰበስባሉ። የቀፎ ክፍሎችን ስም፣ የፍየል መልክ ስሞችን፣ ገና የጀመረ ድርቅና የከረመ ድርቅ የሚጠሩባቸውን የተለያዩ ቃላት። ወጣቱ ከተማ ሲገባ በአማርኛ ብቻ እያወራ ይቀራል፤ ዓረብ አገር የሄደውም ልጁን በምን ቋንቋ እንደሚያሳድግ እንጃ። «እኔ ስሞት አብሮኝ የሚቀበር ቃል እንዳይኖር ነው» ይሉ ነበር።

ለእሳቸው ሲባል በር አጠገብ ያለውን ኮምፒውተር ለይቼ አዘጋጀሁት። ነጭ ስክሪን ዓይናቸውን ያስለቅሰዋል፤ ስለዚህ መደቡን ይበልጥ አጠቆርኩት፣ ፊደሉን እንደ ቅቤ ደብዘዝ ያለ ቢጫ አድርጌ አተለቅሁት። ኽምጣኛ ደግሞ አማርኛ የሌለው፣ በአፍንጫ የሚወጣ ድምፅ አለው። ለዚያ ድምፅ የተሠራው ፊደል በሁሉም የፊደል ቅርጽ (ፎንት) ውስጥ አይገኝም። ያለበትን ፎንት በፍላሽ አስመጥቼ ለኮምፒውተሩ አንድ ጊዜ ሰጠሁት፤ ፕሮግራሞቹ ሁሉ ከዚያው እየወሰዱ አሳዩ። መምህር የመጀመሪያዋን ቃል ጽፈው፣ ያ ፊደል ስክሪኑ ላይ ወፍሮና ጠርቶ ሲያዩት፣ መነጽራቸውን አውልቀው ጠረጉና እንደገና አዩት። «ይቺን ፊደል በእጄ እንጂ በማሽን ተጽፋ አይቻት አላውቅም» አሉኝ።

እንዲህ ሆነን ነው ኢንተርኔት የመጣው።

በማግስቱ ጠዋት ሱቁን የከፈተችው አብራኝ የምትሠራው ናት። እኔ ስደርስ እጇን አገጯ ላይ አድርጋ ስክሪኑን ታያለች።

«እትዬ» አለችኝ፣ «ይኼ የማን ኮምፒውተር ነው?»

ቀረብ ብዬ አየሁት። ፋይል የምንፈልግበት መስኮት ነጭ ሆኗል፤ ጥጎቹ እንደ ሳሙና ሙልጭልጭ ብለው ክብ ሆነዋል። ከላይ ተደርድረው የነበሩት ትእዛዞች የሉም፤ በምትካቸው ሦስት ትናንሽ መስመሮች ብቻ ጥግ ላይ ቆመዋል። የፎቶው ፕሮግራም ደግሞ ከሰል የመሰለ ጥቁር ሆኖ፣ ቁልፎቹ በሥዕል ብቻ ቀርተዋል፤ ምን እንደሆኑ የሚናገር አንድ ቃል የለባቸውም። የጽሑፉ ፕሮግራም መዝጊያው በቀኝ ነው፣ የፎቶው በግራ። አንዱ ፊደሉ ትልቅ ነው፣ አንዱ ጉንዳን ያህላል። ያልተቀየረው ያው ሒሳብ መደመሪያው ብቻ ነበር፤ እሱም ከጎናቸው ሲታይ በሠርግ መሀል የሥራ ልብሱን ለብሶ የተገኘ ሰው መሰለ።

«ቆይ አስተካክለዋለሁ» አልኳት። ቀላል መስሎኝ ነበር። መልክ የምቀይርበትን ቦታ ከፍቼ የድሮውን መረጥኩ። ሒሳብ መደመሪያው ታዘዘኝ። ሌሎቹ እንደሆኑ ቀሩ። እንደገና መረጥኩ። ምንም የለም። ለመጀመሪያ ጊዜ ኮምፒውተሬ ሰምቶ እንዳልሰማ ሆነብኝ።

እሷ በዚያ መሀል ለአንድ ደንበኛ ፎቶ ልትቆርጥ ትታገላለች። መቁረጫው የነበረበት ቦታ ላይ ነካች፤ ፎቶው ተገለበጠ። መመለሻው የነበረበት ቦታ ላይ ነካች፤ ፕሮግራሙ ተዘጋ። ደንበኛው ሰዓቱን ያያል። ፊቷ እየቀላ መጣ።

«እኔ ደንቆሮ ሆኛለሁ ዛሬ» አለች።

«አንቺ ምንም አልሆንሽም፤ እሱ ነው» አልኳት። የሰማችኝ ግን አልመሰለኝም። ሰው ፊት ያፈረ ሰው አይሰማም።

መምህር የመጡት ይኼኔ ነው። እንደ ልማዳቸው ከዘራቸውን በሩ ጥግ አቁመው፣ «እንደምን አደራችሁ» ብለው ወንበራቸው ላይ ተቀመጡ። ተነሥቼ «መምህር፣ ዛሬ ኮምፒውተሩ ትንሽ ተቀይሯል፣ ቆይ ልየው» ማለቴን አስታውሳለሁ። እሳቸው ግን በቦታው የለመዱትን ነክተው ሥራቸውን ከፍተውት ነበር።

ነጭ ብርሃን ፊታቸው ላይ በራ። ዓይናቸውን በመዳፋቸው ሸፈኑ። ቀስ ብለው ጣቶቻቸውን ከፈት አድርገው አዩ። ከኋላቸው ሆኜ እኔም አየሁ። አዲሱ ፕሮግራም እኔ የሰጠሁትን ፎንት ትቶ የራሱን ይዞ መጥቷል፤ በራሱ ፎንት ውስጥ ደግሞ ያ በአፍንጫ የሚወጣው ፊደል የለም። ፊደሉ ባለበት ቦታ ሁሉ ባዶ ሣጥን ተቀምጧል። ከላይ እስከ ታች፣ በየቃሉ መሀል፣ ሣጥን። ገጹ ጥርሱ የወላለቀ አፍ መሰለ።

መምህር ወደ ቀጣዩ ገጽ ሄዱ፤ ሣጥን። ወደሚቀጥለው፤ ሣጥን።

«ምን ነካሁ?» አሉኝ። «ልጄ፣ ትናንት ስዘጋ ምን ነካሁ?»

«ምንም አልነኩም መምህር። ፕሮግራሙ ነው የተቀየረ። ጽሑፉ አለ፣ ፊደሉን ማሳየት አቅቶት ነው።»

«አለ ትዪኛለሽ፣ እኔ የማየው ሣጥን ነው።» ከዚያ፣ «አትሚልኝ እስቲ አንዷን» አሉ።

አተምኩላቸው። ወረቀቱም ላይ ሣጥን ወጣ። ያንን ባላተምኩ ኖሮ ብዬ ብዙ ጊዜ አስቤያለሁ፤ ለእሳቸው ወረቀት ምስክር ነው። ወረቀቱን ወደ ደህናው ዓይናቸው አስጠግተው አዩት፣ አጥፈው ኪሳቸው ከተቱት፣ ከዘራቸውን አነሡ። «አርጅቻለሁ» አሉ፣ ለእኔ ሳይሆን ለራሳቸው እንደሚናገሩ ሆነው። «ላረጀ ሰው ይኼ ዕቃ አይሆንም።» ቆዩ ብላቸውም አልቆዩም።

እስከ ዛሬ የሚያንገበግበኝ ይኼ ነው። የተቀየረው መስኮቱ ነው፤ የተጠረጠረው ግን ሰው ነው። አንዷ ደንቆሮ ሆንኩ አለች፣ አንዱ አረጀሁ አሉ። ያንን መስኮት የቀየረው ባለሙያ ግን በዚያች ሰዓት የትም ይሁን የት፣ ደስ ብሎት ሥራውን እያደነቀ እንደነበር እገምታለሁ።

ከዚያ በኋላ ያሉትን ቀናት በንዴት ነው ያሳለፍኳቸው። መብራት በመጣ ቁጥር ኢንተርኔት ላይ ምክንያቱን እፈልጋለሁ። እንግሊዝኛዬ ደከም ያለ ስለሆነ አንዱን ገጽ ለማንበብ ብዙ ጊዜ ይፈጅብኛል፤ መሀል ላይ መብራቱ ይሄዳል። ቀስ በቀስ ግን ገባኝ። እንደኔ የተናደደ ሰው በየአገሩ ሞልቷል። ድሮ ፕሮግራሞቹ ሁሉ መልካቸውን ከኮምፒውተሩ ባለቤት ይቀበሉ ነበር። አሁን ግን አንዳንድ ሠሪዎች «የእኛ ፕሮግራም የእኛን መልክ ይዞ ነው መታየት ያለበት» ብለው ወስነዋል። ሁሉም የየራሱን መልክ ይዞ ሲመጣ፣ አንድ ስክሪን ላይ አንዱ ከሌላው የማይተዋወቅ ሆነ። ያልተጨቃጨቁበት ነገር የለም፤ ስለ አንዲት ቁልፍ ጥግ ብቻ ተነብቦ የማያልቅ ክርክር አየሁ። እኛ ጋር ደግሞ ኢንተርኔት ስላልነበረ ለዓመታት የተጠራቀመው ለውጥ ሁሉ በአንድ ቀን ወረደብን። ሌላው አገር በየጊዜው እየተናደደ የለመደውን እኛ በአንድ ጠዋት ጠጣነው።

በተሰባበረ እንግሊዝኛ ጻፍኩላቸው። የመልክ መምረጫዬ ለምን እንደማይሠራ፣ ትእዛዞቹ በቃል የነበሩት ለምን በሥዕል እንደተተኩ፣ ነጩ ገጽ ለታመመ ዓይን እንደማይሆን፣ ፊደል ስለመጥፋቱም ጨምሬ ጠየቅሁ። መልስ መጣልኝ፣ ትሕትና አልጎደለውም። «ያነሡት ነገር ስህተት አይደለም፤ ሆን ብለን ያደረግነው ነው። ተጠቃሚዎች በጊዜ ሂደት ይለምዱታል» ይላል። ጥያቄዬንም ዘጉት። አብራኝ ለምትሠራው ተርጉሜ ነገርኳት።

«የቱን ነው የምንለምደው? ለያንዳንዱ ለየብቻ ነው የምንለምደው?» አለችኝ።

«እንጃ።»

«እኔ ሰው ቤት ስሠራ» አለች፣ «እመቤቲቱ ስትናደድብኝ የማድቤቱን ዕቃ ቦታ ትቀያይርብኝ ነበር። እንድደናገር ብላ። እነዚህስ ምን አድርገናቸው ነው?»

ሳይቸግር ጤፍ ብድር የሚባለው ይኼ አይደል? የሚሠራን ነገር፣ ማንም ሳይጠይቅ።

መልሼ ለማስተካከል ያገኘሁት መንገድ አንድ ብቻ ነበር። የአክስቴ ልጅ መጀመሪያ የላከልኝ ፍላሽ ላይ የድሮው የጽሑፍ ፕሮግራም ነበር። አዲሱን አጥፍቼ እሱን ለመጫን ስሞክር፣ ይኼ ካለ ያ አይሆንም፣ ያ ከጠፋ ይኼ አይነሣም እያለ አመሰኝ። ጨርሶ አልነሣ እንዳይለኝ በሱቁ ኮምፒውተሮች ላይ ከመሞከሬ በፊት ቤት ባለችኝ አሮጌ ላፕቶፕ ላይ ሞከርኩ። አንድ ከሰዓት በኋላ ተሳካ። የመምህርን ሥራ ከሱቁ በፍላሽ ገልብጬ በእሷ ላይ ከፈትኩት፤ ጥቁሩ መደብ መጣ፣ ቢጫው ፊደል መጣ፣ ሣጥኑ ሁሉ ፊደል ሆኖ ተመለሰ። ብቻዬን ቤት ውስጥ «እሰይ!» ብዬ ጮህኩ። የፋይሉንና የፎቶውን ፕሮግራም ግን መመለስ አልቻልኩም፤ አሁንም ድረስ እንደተቀየሩ ናቸው።

መምህር ግን ሱቅ ብቅ አላሉም። ቤታቸው ሄድኩ፤ ተዘግቷል። ጎረቤታቸው፣ «እዚሁ ቆላ፣ ዝቋላ ወረዳ እኅታቸው ዘንድ ወርደዋል። ማሽላ ሊያስወቁ ነው ብለዋል» አሉኝ። ስልካቸውን ደወልኩ፤ ከወረዳዋ ከተማ ከጽጽቃ ወዲያ ያለው ቀበሌ ኔትወርክ የለውም። መምህር በሕይወታቸው ማሽላ አስወቅተው አያውቁም። ከእኛ ለመራቅ እንደሄዱ ገባኝ።

ሱቁን አብራኝ ለምትሠራው ጓደኛዬ ትቼ፣ ላፕቶፗን በነጠላ ጠቅልዬ፣ ጠዋት ወደ ጽጽቃ በሚወርድ የጭነት መኪና ጋቢና ተሳፈርኩ። መንገዱ ወደ ታች በወረደ ቁጥር ሙቀቱ እየጨመረ፣ ዳገቱ በቁጥቋጦና በፍየል ብቻ እየተሸፈነ ይሄዳል። ከጽጽቃ በኋላ ገበያ ውለው ከሚመለሱ ሴቶች ጋር በእግር ተጓዝኩ። ነጠላ ውስጥ የያዝኩትን አይተው፣ «ሕፃን ነው እንዴ?» አሉኝ። ኮምፒውተር ነው ስላቸው ሳቁብኝ፤ እዚያ መብራት እንደሌለ ነገሩኝ። ባትሪዋ ጥቂት እንደምትቆይ አውቃለሁ፤ መንገዱን ሙሉ እንዳልከፍታት ለራሴ እየነገርኩ ሄድኩ።

መምህርን ያገኘኋቸው አውድማው ዳር፣ ድንጋይ ላይ ተቀምጠው፣ የሚወቁትን ሰዎች ሲያዩ ነው። እኅታቸው፣ በዕድሜ የሚበልጧቸው ቀጭን አሮጊት፣ በኽምጣኛ «ይቺ ማን ናት?» ሲሉ ሰማኋቸው። ሰላም ስላቸው መምህር በድምፄ ለዩኝ።

«ምን ሆነሻል ልጄ? ሰው ሞተ እንዴ?»

«ኧረ ማንም አልሞተም። ሥራዎ ተመልሷል መምህር። ላሳይዎት ነው የመጣሁት።»

«ተዪው» አሉኝ። «አይተነው የለ? እኔ ሁለተኛ አልጀምርም። ከየሰዉ አፍ ለቅሜ ያመጣሁትን ከየት ላምጣው? ግማሾቹ የነገሩኝ ሰዎች ሞተዋል።»

«አልጠፋማ። እኔ የምልዎትን አይስሙ፣ ራስዎ ይዩት።»

ጥላ ፈልገን እንግዳ ወደሚያርፍበት የድንጋይ ቤት ገባን። ላፕቶፗን ጭናቸው ላይ አድርጌ ከፈትኳት። መደቡ ጥቁር ሆኖ ሲበራ ሰውነታቸው ሲላላ አየሁት። ተጎንብሰው አነበቡ። ከዚያ በጣታቸው ስክሪኑን ነክተው አንዲት ቃል ጮክ ብለው በኽምጣኛ አነበቡ። ከቀፎ ክፍሎች የአንዱ ስም ነበረች።

እኅታቸው ከበሩ ላይ መለሱላቸው። እኔ ኽምጣኛ ከእናቴ የሰማሁትን ያህል ነው የማውቀው፤ እንደገባኝ «እንደሱ አይባልም» ማለታቸው ነው። መምህር ደገሙት። እኅታቸው ራሳቸውን ነቀነቁና ቃሏን በሌላ አነጋገር ጠሯት፤ በዚያች በአፍንጫ በምትወጣዋ ድምፅ ላይ ረገጥ አድርገው። እህል ሲወቁ የነበሩ ሁለት ሰዎችም ለውኃ ገብተው ነበር፤ አንዱ ለእኅትየዋ፣ አንዱ ለመምህር ወግኖ ክርክሩ ደራ። ጠላና የማሽላ ንፍሮ ቀረበ። መምህር የጠፋባቸውን ሁሉ ረስተው፣ «ቆይ፣ ሁለቱንም እጽፋለሁ፣ አንቺ ያልሽውንም» እያሉ ቁልፎቹን ይነካሉ። ሁሉም በለመዱት ቦታ ነበር፤ አንዴም «የቱ ጋ ነው?» አላሉኝም። ባትሪዋ ማለቋን ስታሳይ እኔ ነኝ ሥራውን አስቀምጬ የዘጋኋት።

አብረን ተቀምጠን ሳለ፣ «እንግዲህ ንገሪኝ» አሉኝ። «ለምንድን ነው የቀየሩት? ተበላሽቶ ነበር?»

«አልተበላሸም ነበር።»

«ሰው አቤት ብሎ ነው?»

«ብዙ ሰው አቤት ያለው ከቀየሩት በኋላ ነው።»

ንፍሮውን አፋቸው ውስጥ ይዘው አሰቡ። «አስተማሪ ሳለሁ» አሉ፣ «አዲስ ሹም በመጣ ቁጥር የክፍሉን አቀማመጥ ይቀይር ነበር። መጥቶ መሄዱ እንዲታወቅለት ነው። ልጆቹ ግን መቀመጫቸውን ሲፈልጉ ትምህርቱ ያልቅ ነበር። ጻፊላቸው።»

«ጽፌላቸው ነበር፤ ዘጉብኝ።»

«አንቺ ሁሉን አንድ ላይ ነው የጻፍሽው፤ ያንቺን ልማድ አውቃለሁ፣ ድሮም ድርሰትሽ አንቀጽ አልነበረውም። ስለ ፊደሏ ብቻ ጻፊ። ስለ እሷ ለብቻዋ።»

ሰቆጣ ስንመለስ እሳቸው አጠገቤ ተቀምጠው እየነገሩኝ ጻፍኩ። ይኼ ፊደል የአንድ ሕዝብ ቋንቋ ፊደል ነው፤ ፕሮግራማችሁ ባዶ ሣጥን አድርጎ አሳይቶታል፤ ኮምፒውተሩ ግን ፊደሉ ነበረው አልን። በቃ፣ ከዚያ የበለጠ አላልንም። የሣጥኑንም ፎቶ አያያዝኩበት።

እስከዚያው የበሩን ኮምፒውተር በድሮው ፕሮግራም አስተካክዬ፣ ሁለተኛ ማንም አፕዴት እንዳያደርገው ዘጋሁት። ይኼም አላስደሰተኝም። አፕዴት ውስጥ መልክ ብቻ አይደለም የሚመጣው፣ ኮምፒውተሩን ከአደጋ የሚጠብቀውም አብሮ ይመጣል፤ መድኃኒቱን ለመውሰድ ሬቱን አብረህ ዋጥ እንደማለት ነው። ስለዚህ ያንን ኮምፒውተር ከኢንተርኔት ነቀልኩት። ኢንተርኔት እስኪመጣ ስንት ዓመት ጠብቀን፣ ሲመጣ ሽቦውን በገዛ እጄ መንቀሌ ያበግነኛል። የሌሎቹን ኮምፒውተሮች አዲስ መልክ ግን ከጓደኛዬ ጋር ከሥር እንደገና ተማርነው። የሥዕል ቁልፎቹ ምን እንደሆኑ እሷ በአማርኛ በትናንሽ ወረቀት ጽፋ ስክሪኑ ዳር ለጠፈቻቸው። ዙሪያውን ወረቀት የተለጠፈበት ስክሪን ሆነ። በለመድነው ማግሥት ደግሞ የፎቶው ፕሮግራም ሌላ እትም መጣና ቁልፎቹን ከላይ ወደ ጎን አዞራቸው። እሷም ወረቀቶቹን እየላጠች እንደገና መለጠፍ ጀመረች።

ከፕሮግራሙ ሠሪዎች መልስ የመጣው ተስፋ ከቆረጥን በኋላ ነው። የጻፈው ያው በፊት ጥያቄዬን የዘጋው ሰው አይደለም፤ ሌላ ነው። «ይኼ በእርግጥ ስህተት ነው፤ በሚቀጥለው እትም ይስተካከላል፤ ስላሳወቃችሁን እናመሰግናለን» ይላል። እውነትም አዲሱን እትም በሌላ ኮምፒውተር ላይ ስሞክረው ሣጥኖቹ ጠፍተው ፊደሉ መጣ። መምህርን ጠርቼ አሳየኋቸው። ነጩ ብርሃን እንዳይወጋቸው በመዳፋቸው ጋርደው፣ ሞራው በተገፈፈው ዓይናቸው ቀረብ ብለው አዩ።

«ፊደሏን መለሷት» አሉ።

«መለሷት።»

«ነጩንስ? ይኼን ጥቁር ማድረግ አይቻልም?»

«እሱን አይመልሱም መምህር። እሱ ስህተት አይደለም ነው የሚሉት። እነሱ የወደዱት መልክ ነው።»

«የሚያየው ማን ሆኖ ነው እነሱ የሚወዱት?» አሉ፤ ድምፃቸው ክፍል ውስጥ ልጅ ሲቆጡ እንደነበረው ከፍ አለ። ጓደኛዬ ከወዲያ ሆና ሳቀች፤ እኔ ግን ሳቅ አልመጣልኝም። ፊደሏ በመመለሷ ደስ ብሎኛል፣ አልዋሽም። ነገር ግን ለዚያ ሁሉ ንዴት ያገኘሁት ምላሽ ቀድሞ ከነበረኝ ነገር ግማሹ ነው፤ ለእሱም አመስግኛለሁ።

ሌላም ልጽፍላቸው አስቤ ኪቦርዱን ሳብ አደረግሁ። መምህር ግን ወደ በሩ ኮምፒውተር ሄደው ተቀምጠዋል፤ እኅታቸው በቅርቡ በሰው የላኩላቸውን አዳዲስ የፍየል መልክ ስሞች ሊጽፉ ነው።

«ተዪያቸው እንግዲህ» አሉኝ ዘወር ሳይሉ። «መብራቱ ሳይሄድ ይኼን ልሥራ።»